ተዋናይቷን ከፈለግሽ መጀመሪያ የቴአትሩን ሣጥን ክፈቺ

ጥያቄ፦ «ግላስጎ ውስጥ የቴአትር ማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን ሞሊ ኧርከርት በምትባል ስኮትላንዳዊት ተዋናይት ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። የራሷን ቴአትር ከፍታ ነበር ይባላል። ግን ከየት እንደምጀምር ግራ ገብቶኛል። ከተዋናይቷ ወረቀት ልነሳ ወይስ ከቴአትሩ? ደግሞስ የድሮ ሪፐርቶሪ ቴአትር ወረቀት እንዴት ነው የሚነበበው? ሣጥኑን ስከፍት ምን ላይ ነው ዓይኔን መጣል ያለብኝ?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ጥሩ ሰው መርጠሻል። ሞሊ ኧርከርት ለስኮትላንድ ቴአትር የሠራችውን ያህል አልተጻፈላትም። አንቺ ብትጽፊላት ደስ ይለኛል።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ከቴአትሩ ጀምሪ። ከቴአትሩም ወረቀት ውስጥ ከሥራ ወረቀቱ ጀምሪ። ማለትም ከፕሮግራሙ፣ ከልምምድ ቅጂው፣ ከሂሳብ መዝገቡና ከቃለ ጉባኤው። የሚያምሩትን ፎቶዎችና የሚያሞግሱትን የጋዜጣ ቁራጮች ለኋላ አቆይያቸው። ረዘም አድርጌ የምጽፍልሽ ይህን ለማስረዳት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለሌሎች አንባቢዎች ስል ስለ ሰውየዋ ጥቂት ልበል። ሞሊ ኧርከርት በ1906 ግላስጎ ተወለደች፤ በ1977 አረፈች። ከስኮትላንድ ውጭ የሚያስታውሳት ካለ በሲኒማ ነው። በ1959 ኦድሪ ሄፕበርን መነኩሲት ሆና በተወነችበት ፊልም ውስጥ እሷም ከመነኮሳቱ አንዷ ነበረች። ለአገሯ ሰዎች ግን ከሁሉ በፊት የመድረክ ሰው ናት። በ1939 ከግላስጎ አጠገብ ባለችው በራዘርግሌን ከተማ አገልግሎት ያቆመ አንድ ቤተ ክርስቲያን ይዛ ቴአትር አደረገችው። ስሙን ኤም.ኤስ.ዩ. አለችው፤ የራሷ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ናቸው። ከእሷ ጋር ከሠሩት አብዛኞቹ ቀን ቀን ሌላ ሥራ የነበራቸው ሰዎች ናቸው። በኋላ ስማቸው የታወቀ ተዋንያን፣ እነ ጎርደን ጃክሰን፣ ኒኮላስ ፓርሰንስና አይሊን ኸርሊ በዚያ መድረክ አልፈዋል። በ1940ዎቹ አጋማሽ ግላስጎ ወዳለው ሲቲዝንስ ቴአትር ተሻገረች።

በአንድ ሰው ውስጥ ሁለት ሰው አለ ማለት ነው። አንዷ ተዋናይት ናት። ሌላዋ ቤት የምታስተዳድር፣ ተውኔት የምትመርጥ፣ የመብራት ሂሳብ የምትከፍል ሴት ናት። የተዋናይቷን ወረቀት ብቻ ካየሽ ሁለተኛዋ ታመልጥሻለች። ለእኔ ደግሞ ይበልጥ የምታስደንቀው ሁለተኛዋ ናት። 1939 ምን ዓመት እንደነበረ አስቢ። ጦርነቱ የታወጀው በዚያው ዓመት መስከረም 3 ነው። በዚያው ቀን መንግሥት በመላ አገሪቱ ቴአትርና ሲኒማ ቤት ሁሉ ይዘጋ አለ። እገዳው ከሳምንታት በኋላ ቢነሳም የመንገድ መብራት በጠፋበት ጨለማ ሕዝቡን ማታ ከቤት አውጥቶ ቴአትር ማሳየት ቀላል አልነበረም። እሷ ግን ቤቷን ዘግታ አልቀረችም።

አሁን ወደ ካታሎጉ። ስሟን ጽፈሽ ስትፈልጊ ጥቂት ነገር ብቻ ቢመጣልሽ ተስፋ አትቁረጪ። የቤተ መዛግብት ካታሎግ እንደ መጻሕፍት ካታሎግ አይደለም። ወረቀት የሚመዘገበው በመጣበት ባለቤት ስም ነው። ከዚያ ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ማህደር ይወርዳል። ብዙ ጊዜ ዝርዝሩ እዚያ ላይ ያበቃል። «ፕሮግራሞች፣ ከ1945 እስከ 1950» የሚል አንድ መስመር ታገኛለሽ። ማህደሩ ውስጥ ደግሞ የእሷ ስም ያለበት ብዙ ወረቀት ሊኖር ይችላል። ካታሎጉን የሠራው ሰው እያንዳንዱን ተዋናይ ለመጻፍ ጊዜ አልነበረውም። ስለዚህ የምትፈልጊው ስም ሳይሆን ቤትና ዓመት ነው። በየትኛው ዓመት የት ትሠራ ነበር? ያን ካወቅሽ የትኛውን ማህደር እንደምታስወጪ ታውቂያለሽ።

እንደዚህ አድርጊ። ባዶ የቀን መቁጠሪያ ያዢ። ዓመቱን በሳምንት ከፋፍይው። በየሳምንቱ የትኛው ቤት፣ የትኛው ተውኔት፣ የትኛው ገጸ ባሕርይ ብለሽ ሙይው። ባዶ የቀረው ሳምንትም ይናገራል። ታማ ነው? ሬድዮ ላይ ናት? ፊልም ላይ ናት? ቤቱ በገንዘብ እጦት ተዘግቷል? ምርምርሽ የሚጀምረው ከዚያ ባዶ ቦታ ነው።

ሲቲዝንስን በተመለከተ ዋናው ቦታ የግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በ1981 የተቋቋመ የስኮትላንድ ቴአትር መዝገብ አለ። የሲቲዝንስ ወረቀት በብዛት የሚገኘው እዚያ ነው፤ ጽሑፈ ተውኔት፣ ፕሮግራም፣ ፖስተር፣ ፎቶ፣ የጋዜጣ ቁራጭ። የቤቱን ታሪክ ባጭሩ እወቂ፤ ወረቀቱን ያለ እሱ ማንበብ አይቻልም። ቴአትሩን በ1943 ያቋቋሙት ጄምስ ብራይዲ፣ ቶም ሃኒማንና ጆርጅ ሲንግልተን ናቸው። ብራይዲ ሐኪምና ፀሐፌ ተውኔት ነበር፤ እውነተኛ ስሙ ኦዝበርን ሄንሪ ሜቨር ነው። ሃኒማን የከተማዋን የሥዕል ሙዚየም ይመራ ነበር። ሲንግልተን የሲኒማ ቤት ባለቤት ነው። የመጀመሪያው ተውኔት የታየው ጥቅምት 11 ቀን 1943 አቴኒየም በሚባለው አዳራሽ ነው። በ1945 ወደ ጎርባልስ፣ ሮያል ፕሪንሰስስ ወደሚባለው አሮጌ ቴአትር ቤት ተዛወሩ። ጎርባልስ ያኔ የሠራተኛና የድሃ ሰፈር ነበር።

ስሙም መነሻ አለው፤ ሲቲዝንስ ማለት ዜጎች ማለት ነው። በ1909 አልፍሬድ ዌሪንግ ግላስጎ ውስጥ ሪፐርቶሪ ቴአትር ሲከፍት ለሕዝቡ ባወጣው መግለጫ ይህ የዜጎች ቴአትር ነው ብሎ ነበር። ብራይዲና ጓደኞቹ ስሙን የወሰዱት ከዚያ ነው። የዌሪንግ ቤት ሶኪሆል ጎዳና ላይ በነበረው ሮያልቲ ቴአትር ይሠራ ነበር። በዚያው በ1909 የቼኾቭን ተውኔት በእንግሊዝኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመድረክ ያበቃው እሱ ነው። ለንደን እንኳ ገና አልደረሰባትም! የ1914ቱ ጦርነት ሲመጣ ተዘጋ። ይህን የምነግርሽ የሲቲዝንስ ቃለ ጉባኤ ስታነቢ የድሮው ቤት ጥላ እንዲታይሽ ነው። ሰዎቹ አንዴ የከሰረ ሕልም እንደገና እየሞከሩ መሆኑን ያውቁ ነበር።

አሁን ዋናው ነገር ጋ ደረስን፤ ወረቀቱ እንዴት ነው የሚነበበው?

ሪፐርቶሪ ቴአትር ቋሚ የተዋንያን ቡድን ይዞ፣ ተውኔት እየቀያየረ ወቅቱን ሙሉ የሚሠራ ቤት ነው። አቅም ያለው ቤት በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ ይቀይራል። ብዙዎቹ የብሪታንያ ቤቶች ግን በየሳምንቱ ነበር የሚቀይሩት። ሰኞ ማታ አዲሱ ተውኔት ይከፈታል። ማክሰኞ ጠዋት የሚቀጥለው ሳምንት ተውኔት ልምምድ ይጀመራል። ማታ ማታ ያው የሰኞው ይታያል። ቅዳሜ ማታ ሕዝቡ ሲወጣ ዲኮሩ ይፈርሳል። ሰኞ ከሰዓት በኋላ በሙሉ ልብስ ልምምድ ይደረጋል፤ ማታ መክፈቻ ነው። ከዚያ ማክሰኞ ጠዋት እንደገና ሌላ ተውኔት።

ተዋናይቷ ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ገምቺ። ባለፈው ሳምንት የጨረሰችውን መርሳት አለባት። የዛሬውን መያዝ አለባት። የሚቀጥለውን ማታ ቤቷ ገብታ ማጥናት አለባት። ቤት የምታስተዳድር ከሆነች ደግሞ የሚቀጥለውን ወር መምረጥና ገንዘቡን ማግኘት አለባት። በኤም.ኤስ.ዩ. እንደነበሩት ዓይነት ሰዎች ላይ ደግሞ ሌላ ጭነት አለ። ቀን ፋብሪካ ወይም ቢሮ ውለው ማታ ነው ወደ ልምምድ የሚመጡት።

ይህን ካልያዝሽ የጋዜጣ ቁራጭ ያሳስትሻል። ሐያሲ የሚመጣው መቼ ነው? ሰኞ ማታ፣ በመክፈቻው። ቡድኑ በጣም የደከመበትና ቃሉን ገና ያልጨበጠበት ማታ ማለት ነው። ሐያሲው «የሁለተኛው ክፍል ፍጥነት ዘገየ» ብሎ ከጻፈ የተዋናይቷን ችሎታ አይነግርሽም፤ ሰኞን ነው የሚነግርሽ። ሐሙስ ማታ የነበረውን ያየ ጋዜጣ የለም። ሐሙስን የሚያስታውሰው የመድረክ አስተዳዳሪው ወረቀት ብቻ ነው። እሱ በየማታው መጋረጃ ስንት ሰዓት እንደተከፈተ፣ እያንዳንዱ ክፍል ስንት ደቂቃ እንደወሰደ፣ ምን እንደተበላሸ ይጽፋል። እንዲህ ያለ ዘገባ ካገኘሽ እንደ ወርቅ ያዢው። ሦስተኛው ክፍል ሰኞ 38 ደቂቃ ወስዶ አርብ 42 ከሆነ አራቱ ደቂቃ ከየት መጣ? አንድም ሳቅ ነው፤ አንድም ተዋንያኑ እየተዝናኑ መጡ። ከጎኑ የሂሳቡን ገጽ ብታስቀምጪ፣ አዳራሹ የሞላ ከሆነ፣ ሳቁን በደንብ ትጠረጥሪያለሽ።

የልምምድ ቅጂውም እንደዚሁ ነው። ይህ የመድረክ አስተዳዳሪው በእጁ ይዞ ትርኢቱን የሚመራበት ጽሑፈ ተውኔት ነው። የታተመ መጽሐፍ ይቀደድና እያንዳንዱ ገጽ ባዶ ወረቀት ላይ ይለጠፋል። በዳርቻው ላይ በእርሳስ ማን ወዴት እንደሚሄድ፣ መብራት መቼ እንደሚቀየር፣ ስልኩ መቼ እንደሚጮህ ይጻፋል። ምልክቶቹ መጀመሪያ ያስፈራሉ፤ ግን ጥቂት ናቸው። ፒ.ኤስ. ማለት ቃል አስታዋሹ የሚቀመጥበት ወገን ነው፤ በብሪታንያ አብዛኛውን ጊዜ ከተዋናዩ ግራ ነው። ኦ.ፒ. ተቃራኒው ነው። ኤል.ኤክስ. መብራት ነው። ግራና ቀኝ ሁሌም ከተዋናዩ ዓይን ነው የሚቆጠረው። ይህን ከረሳሽ ሥዕልሽ በሙሉ ይገለበጣል።

እርሳሱ የተፋቀበትን ቦታ በደንብ እዪ። አዘጋጁ መጀመሪያ ሶፋው ላይ ተቀመጪ ብሏት ነበር። ተፋቀ። አሁን በመስኮቱ አጠገብ ትቆማለች። ማን ቀየረው? ወረቀቱ አይነግርሽም። ግን በሦስትና በአራት ተውኔቶች ላይ የአንዲቷ ተዋናይት እንቅስቃሴ ብቻ ደጋግሞ የሚቀየር ከሆነ፣ ልምምድ ላይ ሐሳቧን የምታስደምጥ ሴት አለች ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር በየትኛውም የጋዜጣ ቃለ ምልልስ ላይ አታገኚም።

ስለ ልብስ ሳልነግርሽ አላልፍም። ይህ ብዙ ተማሪ የሚዘልለው ነገር ነው። በሪፐርቶሪ ቤቶች ታሪካዊ ተውኔት ሲሆን ልብሱን ቴአትሩ ይከራያል። ተውኔቱ የዘመኑ ከሆነ ግን ልብሱን ተዋናዩ ከቤቱ ያመጣ ነበር። ወንዱ አንድ ጥሩ ሱፍና አንድ የማታ ልብስ ካለው ይበቃዋል። ሴቷስ? የቀን ቀሚስ፣ የማታ ቀሚስ፣ ካፖርት፣ ባርኔጣ፣ ጫማ ያስፈልጋታል። ተመልካቹ ደግሞ በየሳምንቱ የሚመጣው ያው ሰው ነው፤ ባለፈው ወር የለበሰችውን ያውቀዋል። ከአንድ ዓይነት ደመወዝ ላይ ሴቷ የምታወጣው ይበልጣል። ከዚህ ላይ ሰኔ 1 ቀን 1941 ልብስ በኩፖን ሆነ። ኩፖኗን መድረክ ላይ ለምትለብሰው ታውለው ወይስ ለክረምቱ ብርድ? የደመወዝ መዝገብ ስታነቢ ይህን አስቢ። ቁጥሩ ብቻውን የሴቷን ገቢ አያሳይሽም።

ፕሮግራሙ ላይ ደግሞ የግርጌውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቢ። ሶፋው ከየትኛው የቤት ዕቃ ሱቅ በውሰት እንደመጣ፣ ሲጋራውንና ካልሲውን ማን እንደሰጠ እዚያ ይመሰገናል። በጦርነቱ ዘመን ወረቀት ስለተመጠነ ፕሮግራም አንድ የታጠፈ ቅጠል ሆኖ ይቀራል፤ ምስጋናው ግን አይቀርም። ከእነዚህ መስመሮች ተነስተሽ ቴአትሩ ሰፈሩ ውስጥ ማን ማንን ወዳጅ እንዳደረገ በካርታ ላይ መሣል ትችያለሽ። እንደ ኤም.ኤስ.ዩ. ያለ በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ የቆመ ቤት ያለ ጎረቤት አይኖርም። እኔ ብሆን ለዚህ ብቻ አንድ ምዕራፍ እሰጠው ነበር።

ፕሮግራም ውስጥ ከታተመው ስም ጋር አትጣበቂ። ተዋናይ ሲታመም ወይም ሲዘምት ትንሽ ብጣሽ ወረቀት ታትሞ ውስጡ ይገባል። ብጣሿ ትጠፋለች፤ ፕሮግራሙ ይቀራል። ስለዚህ ማን በእርግጥ መድረክ ላይ እንደነበረ ለማወቅ ፕሮግራሙን ከደመወዝ መዝገቡ ጋር አስተያዪው። በጦርነቱ ዓመታት ወጣት ወንዶች ከስም ዝርዝሩ ሲጠፉ ታያለሽ። ከ1941 መጨረሻ በኋላ ያላገቡ ወጣት ሴቶችም ለአገር አገልግሎት የሚጠሩበት ሕግ ወጣ። ተውኔት ሲመረጥ ይህ ሁሉ ይገባል። ብዙ ወንድ የሚጠይቅ ተውኔት ለምን እንዳልተሠራ ምክንያቱ ጣዕም ላይሆን ይችላል።

ገንዘቡን በተመለከተ ሦስት ዓምድ ስታዪ አትደናገጪ። ፓውንድ፣ ሽልንግና ፔኒ ነው። 12 ፔኒ አንድ ሽልንግ፣ 20 ሽልንግ አንድ ፓውንድ። በአሥር የሚቆጠረው ገንዘብ የመጣው በ1971 ነው። «የመዝናኛ ቀረጥ» የሚል ዓምድም ሊገጥምሽ ይችላል። በ1916 በጦርነት ወጪ ሰበብ ቲኬት ላይ የተጣለ ግብር ነው፤ ከቴአትር ላይ የተነሳው በ1957 ነው። ትርፍ የማይፈልግና ትምህርታዊ ነው የተባለ ቴአትር ከግብሩ ነፃ መሆን ይችል ነበር። አንዳንድ ቤቶች በቃለ ጉባኤያቸው «ትምህርታዊ» የምትለዋን ቃል ለምን እንደሚደጋግሟት አሁን ገባሽ? በ1940 የተቋቋመውና ለጥበብ የመንግሥት ገንዘብ የሚያከፋፍለው ኮሚቴም አለ። በ1946 የጥበባት ምክር ቤት ሆነ። ብራይዲ የስኮትላንዱን ክፍል ሊቀ መንበር ሆኖ መርቷል። ከዚያ ኮሚቴ ጋር የተደረጉ ደብዳቤዎች ስለ ገንዘብ ቢሆኑም ስለ ጥበብ ብዙ ያወራሉ፤ ገንዘብ የሚለምን ሰው ለምን እንደሚሠራ ማስረዳት አለበትና።

የአገሩን የዓመት ዑደትም አትርሺ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ የግላስጎ ዕረፍት ነው፤ ከተማው ወደ ባሕር ዳርቻ ይጎርፋል። የገና ዕለት ትርኢት ተመዝግቦ ብታገኚ ስሕተት አይምሰልሽ። ስኮትላንድ ውስጥ ገና የሥራ መዝጊያ በዓል የሆነው በ1958 ነው። ትልቁ በዓላቸው አዲስ ዓመት ነበር። በዚያ ሰሞን የሚመጣው ዘፈንና ቀልድ የበዛበት የበዓል ትርኢት የብዙ ቤቶችን ዓመት ከኪሳራ ያወጣ ነበር። ስለ እሱ አንድ የምወዳት ነገር ልንገርሽ። ሮያል ፕሪንሰስስ ቴአትር ውስጥ የበዓል ትርኢት ርዕስ በእንግሊዝኛ 13 ፊደል መሆን አለበት የሚል የቆየ ልማድ ነበር። ሲቲዝንሶች ቤቱን ከተረከቡ በኋላ በ1949 ያወጡት ትርኢት ርዕስ ሲቆጠር 13 ነው። ታላላቅ ሐሳብ ይዘው የመጡ ሰዎች የሰፈሩን ልማድ አክብረው ገቡ። ፖስተር እንዲህም ይነበባል።

የተዋናይቷ የግል ወረቀት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ማንኛዋም ተዋናይት ስለ ራሷ የምታስቀምጠው ደስ ያሰኛትን ነው። የጋዜጣ ቁራጭ መለጠፊያ ደብተር መልካሙን ይመርጣል። ይህ ነውር አይደለም፤ ግን ምርጫ መሆኑን እወቂ። ቁራጮቹ ብዙ ጊዜ ቀንና የጋዜጣ ስም የላቸውም። ጀርባቸውን ገልብጪ። ጀርባው ላይ የሲኒማ ማስታወቂያ ወይም የእግር ኳስ ውጤት ካለ ቀኑን በእሱ ታገኚዋለሽ። ደብተሩ ላይ ተለጥፎ ጀርባው ካልታየ በጭራሽ ለማላቀቅ አትሞክሪ፤ የንባብ ክፍሉን ሠራተኛ ጥሪ። ለፎቶም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አብዛኛው የዘመኑ የቴአትር ፎቶ በትርኢት መካከል የተነሳ አይደለም። ለካሜራ ተብሎ ቆመው የተነሱት ነው። የእጇን አቀማመጥ አይተሽ «እንዲህ ትጫወት ነበር» ብለሽ አትደምድሚ።

ደብዳቤ ላይ ደግሞ ሰው ቤት የሚቀረው የተላከለት ነው፤ የላከው ሌላ ሰው ቤት ነው ያለው። የሞሊን ድምፅ ከፈለግሽ እሷ የጻፈችላቸውን ሰዎች ወረቀት ተከተይ። የብራይዲ ወረቀቶች ኤድንብራ፣ የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሉ። የዘመኑ ብዙ የስኮትላንድ ተዋናይ ከመድረክ ሌላ በሬድዮም ይሠራ ስለነበር ቢቢሲን አትዝለዪ። የስኮትላንድ ሬድዮ ድራማ ጽሑፎች ግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ባለው መዝገብ ውስጥ ይገኛሉ። ቢቢሲ ራሱ ደግሞ ኬቨርሻም በሚገኘው መዝገብ ቤቱ በየተዋናዩ ስም የተከፈተ የውልና የደብዳቤ ማህደር ያስቀምጣል።

የጠፋ ተውኔት ካጋጠመሽ ለንደን ላይ አንድ መፍትሔ አለ። እስከ 1968 ድረስ በብሪታንያ ለሕዝብ የሚቀርብ አዲስ ተውኔት ሁሉ አስቀድሞ ለቤተ መንግሥቱ ሳንሱር ሹም ቅጂው መላክ ነበረበት። ቅጂዎቹ ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ናቸው፤ የመርማሪዎቹ አስተያየትም አብሮ አለ። ሳንሱር መጥፎ ነገር ነው። ግን ትንንሽ ቤቶች ያላስቀመጡትን ጽሑፍ ያዳነልን እሱ ነው። በስኮትላንድ አነጋገር የተጻፈ ተውኔት አንብቦ ግራ የገባውን የለንደን መርማሪ አስተያየት ማንበብ ራሱ ትምህርት ነው።

ስለ ራዘርግሌን አንድ ነገር ልጨምር። ከተማዋ እስከ 1975 ድረስ የራሷ ምክር ቤት ነበራት፤ ግላስጎ ውስጥ አልነበረችም። ነዋሪዎቿም ይህን በኩራት ነው የሚናገሩት፤ የንጉሥ ቻርተር ያገኘችው በ1126 ነው። ዛሬ በሳውዝ ላናርክሸር ሥር ናት። ስለዚህ የቴአትሩን የፈቃድና የሕንፃ ጉዳይ በግላስጎ ከተማ ወረቀት ውስጥ ብቻ ብትፈልጊ ላታገኚው ትችያለሽ። ጋዜጣውም ለብቻው ነው፤ ራዘርግሌን ሪፎርመር ይባላል። ትልልቆቹ የግላስጎ ጋዜጦች ሁለት መስመር የሚሰጡትን ነገር የሰፈር ጋዜጣ በሰፊው ያወራዋል። ከትልልቆቹ ዘ ግላስጎ ሄራልድ በኢንተርኔት በነፃ የሚታይ የድሮ ቅጂ ስላለው ማታ ቤትሽ ሆነሽ መሥራት ትችያለሽ። የሚቸል ላይብረሪ የከተማውን የቴአትር ፕሮግራሞች ይዟል፤ እዚያም ጎራ በይ።

የስም ጉዳይም አለ። ስኮትላንድ ውስጥ ያገባች ሴት በመንግሥት መዝገብ ላይ በሁለቱም የቤተሰብ ስም ትጻፋለች፤ በተወለደችበትም ባገባችበትም። ሴት አግብታም ስሟን ይዛ በምትኖርበት አገር ላደግን ለእኛ ይህ አዲስ አይሆንም። ለተመራማሪ ግን ትልቅ እፎይታ ነው። የእንግሊዝ ተዋናይት ስትፈልጊ በጋብቻ ስም ምክንያት ዱካዋ ይጠፋል፤ እዚህ አይጠፋም።

የንባብ ክፍሉ ወግ ቀላል ነው። የዩኒቨርሲቲው ልዩ ስብስብ ሂልሄድ ስትሪት ካለው ዋናው ቤተ መጻሕፍት 12ኛ ፎቅ ላይ ነው። ቀጠሮ አስቀድመሽ ያዢ፤ የምትፈልጊውን ማህደር ቁጥርም ቀድመሽ ላኪ። እርሳስ ብቻ ያዢ። የወረቀቱን ቅደም ተከተል አታፋልሺ፤ ሁለት ወረቀት አብሮ መቀመጡ ራሱ ማስረጃ ነው። ከሁሉ በላይ ከባለሙያዎቹ ጋር አውሪ። ካታሎግ ላይ ያልወጣውን እነሱ ያውቁታል። «ከ1944 እስከ 1950 የሲቲዝንስን የሥራ ወረቀት ማየት እፈልጋለሁ፤ የምከታተለው ሞሊ ኧርከርትን ነው» ብለሽ ጻፊላቸው። «ስለ ሞሊ ኧርከርት ምን አላችሁ?» ከሚለው ጥያቄ የተሻለ መልስ ታገኛለሽ። ለማነጻጸር ሌላ ቤት ከፈለግሽ ዳንዲ ሪፐርቶሪም የተቋቋመው በዚያው በ1939 ነው፤ ወረቀቱ በዳንዲ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። በአንድ ዓመት የተከፈቱ ሁለት ቤቶች፣ አንዱ በአንዲት ሴት ስም የቆመና ዕድሜው ያጠረ፣ አንዱ እስከ ዛሬ የሚሠራ። ጥሩ ምዕራፍ ይወጣዋል።

በመጨረሻ ሕጉ። በብሪታንያ የጽሑፍ መብት ጸሐፊው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይቆያል። ሞሊ በ1977 ስለሞተች የእሷ ደብዳቤዎች ገና በመብት ሥር ናቸው። ያልታተመ የድሮ ጽሑፍ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው፤ ጸሐፊው ከብዙ ዓመት በፊት ቢሞትም እስከ 2039 መጨረሻ ተጠብቆ ሊቆይ ይችላል። የፎቶው መብት የወረቀቱ ባለቤት የሆነው ቤተ መዛግብት ላይሆን ይችላል፤ የፎቶ አንሺው ሊሆን ይችላል። ጀርባው ላይ ያለውን ማኅተም ቅጂ። አጭር ጥቅስ ለጥናት መጥቀስ ችግር የለውም። ሙሉ ደብዳቤ ወይም ፎቶ ማተም ግን ፈቃድ ይጠይቃል። በሕይወት ያሉ ሰዎችን የሚመለከቱ የደመወዝና የውል ማህደሮችም ለጊዜው ዝግ ሊሆኑ ይችላሉ። ፈቃድ ሳምንታት ይወስዳል፤ አንዳንዴም ወራሽ ፍለጋ ይጠይቃል። ስለዚህ ጽሑፉን ጨርሼ እጠይቃለሁ አትበዪ፤ የምትፈልጊውን ፎቶ ባየሽበት ሳምንት ጥያቄሽን ላኪ።